ቴርሞሜትሩ 37 ይላል፤ ቤቱ ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል። ሙቀቱ በየት በኩል ነው የሚደርሰን?

የናሆም እናት (ግንቦት 4)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ጥቅምት በሥራ ዝውውር ከባለቤቴ ጋር ድሬዳዋ ገባን። ሳቢያን አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ እሱም ያረጀና የዛገ። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ተሰፍቶ የተወጠረ ነው። ጥር ላይ ወንድ ልጅ ወለድን። አሁን አራት ወሩ ነው።

እስከ መጋቢት ድረስ ደህና ነበርን። ከሚያዝያ ወዲህ ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልንም። ልጁ ይነጫነጫል። አንገቱ ሥርና ብብቱ ላይ ሽፍታ ወጥቶበታል። ሥራ ገና ስላልተመለስኩ ግቢው መሃል ያለው የኒም ዛፍ ሥር ፍራሽ አንጥፌ አብሬው እውላለሁ።

ግራ የገባኝ ነገር ይኸውላችሁ። የግድግዳ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዛፉ ሥር 35 ዲግሪ አነበብኩ። ቤት ውስጥ፣ በሩም መስኮቱም ተከፍቶ፣ 37። ሦስት ቀን ደጋግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። ሰውነቴ የሚነግረኝ ግን ሌላ ነው። ዛፉ ሥር ይሞቃል፤ ግን ይቻላል። ቤት ስገባ አናቴ ላይ የሆነ ነገር ይጫነኛል። ሩብ ሰዓት ሳልቆይ ራሴን ያመኛል። ሁለት ዲግሪ ይህን ሁሉ ያደርጋል?

ሁለተኛው ደግሞ የማታው ነው። አንድ ቀን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ባለቤቴ መሰላል ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን በእጁ ነካው። ቀዝቅዟል። ቤቱ ግን አልቀዘቀዘም። አልጋችን ራስጌ ያለው ግድግዳ እጅ ሲያርፍበት አሁን ከምድጃ የወጣ ዳቦ ይመስላል። እስከ እኩለ ሌሊት እንደዚያው ነው። ጣሪያው ከቀዘቀዘ ይህ ሙቀት ከየት ይመጣል?

ቬንትሌተር ገዝተናል። ከሰዓት ላይ ሙቅ አየር ፊቴ ላይ ይነፋብኛል። ኤሲ አቅማችን አይደለም። አከራያችን ደግ ሰው ናቸው፤ ትንሽ ነገር ብንሠራ አይከለክሉንም። ግን ዝም ብዬ ገንዘብ ማፍሰስ አልፈልግም። ሙቀቱ በየት በኩል ወደ ልጄ እንደሚደርስ ማወቅ እፈልጋለሁ። መንገዱን ካወቅኩ እዘጋዋለሁ።

እናቴ ደግሞ በስልክ «ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውሃ አጠጪው» እያለችኝ ነው። እሱንም የምታውቁ ንገሩኝ።

---

የድሬ ልጅ (ግንቦት 4)

አቦ እንኳን ደህና መጣሽ! እኛ ጋ አንቱ የለም፣ ሁሉም አንተ አንቺ ነው፤ እንዳይከፋሽ።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ መጋላ ነው። የኛ ቤት ወግ ይህን ይመስላል። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መስኮት እንዘጋለን፤ መጋረጃ እንጥላለን። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉንም እንከፍታለን። ግቢው ላይ ውሃ እንረጫለን። ሌሊቱን አልጋ አውጥተን ግቢ ውስጥ እንተኛለን። አጎበር ግን አይረሳ! ቢንቢው እዚህ ቀልድ አያውቅም።

አንድ ቀን ወደ ከዚራ ሰፈር ውጪና የድሮዎቹን የባቡር ድርጅት ቤቶች እያቸው። በዛፍ ጥላ የተሸፈነ መንገድ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ሁለት ሰው ቢደራረብ የማይደርስበት ጣሪያ። ቀትር ላይ እዚያ ውስጥ ገብተሽ ቁጭ በይ። ልዩነቱ ይገባሻል። የሠሩት ሰዎች ፀሐይዋን አውቀዋት ነው የሠሩት።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ግን እኔ ማስረዳት አልችልም። መምህሩን ጠብቂ፣ ማታ ማታ ይገባሉ።

---

ነርሷ (ግንቦት 4)

ስለ ውሃው ብቻ ልመልስ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፤ በሙቀት ወቅትም ጭምር። የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አጥቢው። ውሃውን አንቺ ጠጪ፣ ደጋግመሽ። እናትሽን በፍቅር አስረጃቸው፤ እሳቸውም የሰጉት ለልጁ ብለው ነው።

ሽፍታው የሙቀት ሽፍታ ይመስላል፤ ግን ሳላየው እርግጠኛ መሆን አልችልም። ለስላሳ ስስ ጥጥ አልብሺው። የሚተኛበትን ዙሪያውን በነጠላ አትሸፍኚ፤ አየር ይታፈናል። ሰውነቱ ከጋለ፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ነገ አትበይ፤ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

---

ጡረተኛው መምህር (ግንቦት 4)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ሦስት ቀን ለክቶ የሚመጣ ጠያቂ ብዙ አላገኘሁም።

ቴርሞሜትርሽ አልዋሸሽም። የለካው የአየሩን ነው። አንቺን የሚያሞቅሽ ግን አየሩ ብቻ አይደለም።

ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ለመሄድ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው በመነካካት ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ስትጨብጪ ጣትሽ የሚሞቀው በዚህ ነው። ተማሪዎቼ ኮንዳክሽን ብለው ይጽፉታል። ሁለተኛው ኮንቬክሽን ነው፤ የሞቀው አየር ወይም ውሃ ራሱ ተነሥቶ ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል። ሦስተኛው ራዲየሽን፣ ማለትም ጨረር ነው። ይህኛው መነካካትም አየርም አይፈልግም። ፀሐይ በ150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ርቀት ላይ ሆና፣ በባዶ ሕዋ በኩል፣ ፊትሽን ታሞቅሻለች።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ጨረር የምትለቀው ፀሐይ ብቻ አይደለችም። ማንኛውም ነገር እንደ ግለቱ መጠን ይለቃል። ዓይናችን አያየውም፤ ቆዳችን ግን ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ከሰል ምድጃ ዳር ስትቀመጪ ፊትሽ እየጋለ ጀርባሽ ይበርደው የለ? አየሩ እኮ ከፊትም ከኋላም ያው ነው። ፊትሽን የሚያግለው ከፍሙ በቀጥታ የሚመጣው ጨረር ነው።

አሁን ወደ ቤትሽ እንግባ። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ቆርቆሮው ሥር የጋለው አየር እዚያው ላይ ተከማችቶ ይቀራል እንጂ ወደ አልጋሽ አይወርድም። ስለዚህ ከጣሪያው ወደ ልጅሽ የሚወርደው ሙቀት በዋናነት በአየር አይመጣም። በጨረር ነው የሚመጣው። ቆርቆሮው ከግማሽ ሚሊሜትር ይቀጥናል፤ ላይኛው ፊቱ ሲግል ታችኛውም እኩል ይግላል። እሱ ማዳበሪያውን ያግለዋል። ማዳበሪያው ደግሞ በተራው ወደ እናንተ ይለቀዋል። አናትሽ ላይ የሚጫንሽ እሱ ነው። ክፍሉን በሙሉ የሚያህል ለስለስ ያለ ምድጃ በላይሽ ተሰቅሏል።

ዛፉ ሥርስ? ቅጠሉ ውሃ እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል። ግለቱ ከአየሩ ብዙም አይበልጥም። ዛፉ ሥር ስትቀመጪ በላይሽ ያለው 35 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ቅጠል ነው። ቤት ውስጥ ግን ከ50 የሚበልጥ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትርሽ ያላየው ልዩነት እዚህ ጋ ነው።

መጠኑ እንዲገባሽ ትንሽ ሒሳብ ልሥራልሽ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት ገደማ ታወርዳለች። ክፍልሽ አራት በአራት ቢሆን ጣሪያው 16 ካሬ ነው፤ 16 ኪሎዋት ማለት ነው። አንድ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። እንግዲህ አራት አምስት ምጣድ ባንዴ ተሰክቶ ጣሪያሽ ላይ ተደርድሯል ብለሽ አስቢው። ሁሉም ወደ ውስጥ አይገባም። ከፊሉን ቆርቆሮው መልሶ ያንጸባርቀዋል፤ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። የዛገ ቆርቆሮ ግን ከአዲሱ አብልጦ ይጠጣል።

ቃሌን ብቻ አትመኚ። ሁለት ሙከራ አድርጊ።

ነገ ስምንት ሰዓት ላይ መዳፍሽን ወደ ኮርኒሱ አዙረሽ እጅሽን ከፍ አድርጊ። ትንሽ ቆዪና ባለቤትሽ በመዳፍሽና በኮርኒሱ መሃል ካርቶን ያስገባ። አየሩ አልተለወጠም። ሙቀቱ ግን ወዲያው ከተቋረጠ ጥፋተኛው ጨረር ነው።

ሁለተኛው፦ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውጪውን ጥቁር ቀለም ቀቢ። ቴርሞሜትሩን ውስጡ አድርጊና አፉን ዘግተሽ ክፍሉ መሃል ላይ አንጠልጥይው። ጥቁር ነገር ጨረር ጥሩ አድርጎ ይጠጣል። ጣሳው የሚያሳይሽ ቁጥር ሰውነትሽ ለሚሰማው የቀረበ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቀሽ አንብቢ።

ስለ ቬንትሌተሩ። የቆዳችን ግለት 35 ዲግሪ ገደማ ነው። 37 ዲግሪ የሆነ አየር ሲነፋብሽ ሙቀት እየሰጠሽ ነው። የሚጠቅምሽ ላብሽን ስለሚያተንን ብቻ ነው። አንድ ግራም ላብ ሲተን 2400 ጁል ገደማ ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአራት ወር ልጅ ግን እንደ አዋቂ አያልበውም። ስለዚህ ቀትር ላይ ቬንትሌተሩን በቀጥታ እሱ ላይ አታዙሪ። ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ መስኮቱ ጋ አድርጊው፤ ከውጭ ይሳብ።

የግድግዳውን ነገር ነገ እመለስበታለሁ። እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

---

የናሆም እናት (ግንቦት 5)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ለምሳ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረግነው የካርቶኑን ነው። ካርቶኑ ሲገባ መዳፌ ላይ ልክ ጥላ እንዳረፈ ሆነ። ሲወጣ ተመልሶ መጣ። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋገምነው። ባለቤቴም በራሱ እጅ ሞከረው። ወር ሙሉ አየሩ ላይ ነበር የተነጫነጭነው፤ ችግሩ ግን ከበላያችን ነበር።

ጣሳውንም ሠራሁ። የጫማ ቀለም ነው የቀባሁት፤ ጥቁር ስለሆነ ብዬ። ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ፦ ግድግዳው ላይ 37፣ ጣሳው ውስጥ 41። ከዚያ ጣሳውን ይዤ ዛፉ ሥር ሰቀልኩት። 35 ተኩል። ስድስት ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለው ማለት ነው። አሁን ራሴን ለምን እንደሚያመኝ ገባኝ።

እንግዲህ ምን ልዘርጋበት? ወፍራም ብርድ ልብስ ኮርኒሱ ላይ ባነጥፍስ?

---

አናጺ ነኝ (ግንቦት 5)

እህቴ፣ ብርድ ልብሱን ተይው። አይጥ ይወልድበታል፤ አቧራም ይሞላል። ብዙ ዘመኔን ቆርቆሮ ስመታ ነው የኖርኩት፤ አዳማም፣ አዋሽም፣ ድሬም ሠርቻለሁ። የሠራሁትንና ያየሁትን ልንገርሽ።

አንድ ፊቱ አልሙኒየም ፎይል የተለበጠ ስስ ፎም በጥቅል ይሸጣል። የአዳራሽ ጣሪያ ሥር ሲያብረቀርቅ አይተሽው ይሆናል። እሱን ከቆርቆሮው ሥር፣ ከማዳበሪያው በላይ ወጥሪው። ቆርቆሮውን እንዳይነካ። ቢያንስ አራት ጣት ክፍተት ይኑረው፤ ከበለጠ ጥሩ። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ታች ይዙር። ወደ ላይ ካዞርሽው በዓመቱ አቧራ ይለብስና ዋጋ ያጣል።

አደራ የምልሽ ግን አንድ ነገር ነው። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኮርኒስ ውስጥ የተላጠ ገመድ ካለ ፎይሉ በሙሉ ሊይዝሽ ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኤሌክትሪሺያን ገብቶ ገመዱን ሁሉ ይይ። ቆጣሪ ሳይጠፋ ማንም ኮርኒስ ውስጥ እጁን አያስገባ። ይህን ሳታደርጊ ፎይል አትግዢ።

ከዚያ በጣሪያው ጫፍና ጫፍ፣ ሦስት ማዕዘኑ ግድግዳ ላይ፣ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ይከፈት። በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ ወፍና አይጥ እንዳይገባ። ከፎይሉ በላይ የታፈነው የጋለ አየር በዚያ ይውጣ።

ቆርቆሮውን ነጭ መቀባትም ትልቅ ነገር ነው። ዝገቱ በብረት ብሩሽ ይፈግፈግ፣ ጸረ ዝገት ይቀባ፣ ከዚያ ነጭ የቆርቆሮ ቀለም። ኖራ ርካሽ ነው ብለው የሚቀቡ አሉ፤ ክረምቱ ሲመጣ ግን ያጥበዋል። ይህንን ከአከራይሽ ጋር ተነጋገሪበት። ቀለሙ የቆርቆሮውን ዕድሜም ያረዝማል፤ ለእሳቸውም ይጠቅማል።

አባቶቻችን በሳር ክዳን ሲኖሩ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ጥሩ የተከደነ ሳር ወፍራም ነው፤ በሳሩና በሳሩ መካከል አየር ይታሰራል። የታሰረ አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ቆርቆሮ ዝናብን አሸነፈልን፤ ፀሐይን ግን አስገባብን።

---

የናሆም እናት (ግንቦት 5)

አናጺው ወንድሜ፣ ስለ ገመዱ የነገርከኝን አሁኑኑ ለባለቤቴ አሳየሁት። አመሰግናለሁ።

አንድ ያልገባኝ አለ። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ታች ከሆነ የፀሐይዋን ሙቀት እንዴት ይመልሳል? ደግሞ ፎይሉ ራሱ ሲግል እንደ ማዳበሪያው ወደ እኛ አይለቅም?

---

ጡረተኛው መምህር (ግንቦት 6)

ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ እንዲሰሙ ጮክ ብለሽ ድገሚው እልሽ ነበር።

ጨረር የሚጠጣ ነገር ጨረር ይለቃል። መጠጣት የሚሰንፍ ነገር መልቀቅም ይሰንፋል። የተወለወለ አልሙኒየም በሁለቱም ሰነፍ ነው። እንደ እንጨት፣ እንደ ሲሚንቶ፣ እንደ ቆዳችን ያሉ ነገሮች በያዙት ግለት ሊለቁ ከሚችሉት ዘጠና በመቶ ገደማውን ይለቃሉ። ንጹህ የአልሙኒየም ፎይል ከአምስት በመቶ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ፎይሉ ቢግል እንኳ ወደ ታች የሚረጨው ጥቂት ነው። ግሎ ዝም ይላል። ለዚህ ነው አናጺው ወደ ታች ይዙር ያለው፤ ልምዱ ከመጽሐፉ ጋር ገጠመ። ክፍተቱም አስፈላጊ ነው። ፎይሉ ቆርቆሮውን ወይም ማዳበሪያውን ከነካ በመነካካት ያስተላልፋል፤ አልሙኒየም ደግሞ በዚያ በኩል እጅግ ቸር ነው።

ጆን ሌስሊ የተባለ ስኮትላንዳዊ ይህን በ1804 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። አራት ማዕዘን የብረት ሣጥን ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞላ። አንዱን ፊት ጥቁር ቀባ፣ ሌላውን ወለወለ። ውሃው አንድ፣ ሣጥኑ አንድ፤ ከጥቁሩ ፊት ግን እጅግ የበዛ ሙቀት ወጣ። እኔም በየዓመቱ በሁለት ጣሳ ለተማሪዎቼ አሳይ ነበር። ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ መጥቶ እጁን ያስጠጋ ነበር፤ ያንን ሳይ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ግድግዳው። ግለትና የሙቀት ብዛት አንድ አይደሉም። ቆርቆሮው ቀን በጣም ይግላል፤ ነገር ግን ስስ ነው። ክፍልሽን የሚሸፍነው ቆርቆሮ 40 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው። በ40 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚያወጣው 720 ኪሎጁል አካባቢ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ጥርት ያለው ሰማይ በጨረር ይለቀውና ያልቃል። ባለቤትሽ ቀዝቅዞ ያገኘው ለዚህ ነው።

ግድግዳው ግን ጎተራ ነው። አራት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ተኩል ቁመት፣ ብሎኬትና ልስን ሲደመር ሁለት ቶን ገደማ ይሆናል። በ10 ዲግሪ ብቻ ሲቀዘቅዝ 18,000 ኪሎጁል ያወጣል። የቆርቆሮውን 25 እጥፍ ማለት ነው። አንድ ኪሎዋት የሚወስድ ምድጃ አምስት ሰዓት ቢበራ የሚሰጠውን ያህል ነው። እጅሽ ላይ የዳቦ ያህል ቢሞቅም በውስጡ ያከማቸው ብዙ ነው። ሙቀቱ በብሎኬቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ከሰዓት የገባው ማታ ላይ ውስጥ ይደርሳል።

የራስጌሽ ግድግዳ ወደ ምዕራብ የዞረ ነው? ከሆነ ከስምንት ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ቀጥታ ይመታል።

---

የናሆም እናት (ግንቦት 6)

አዎ መምህር፣ ልክ ወደ ምዕራብ ነው! ከበስተጀርባው ባዶ ቦታ ነው፤ ጥላ የሚባል የለውም። እኛ ደግሞ አልጋውን ሆን ብለን እዚያ አስጠግተነዋል፤ በር ፊት ለፊት እንዳይሆን ብለን።

---

የድሬ ልጅ (ግንቦት 6)

አቦ አልጋውን ዛሬውኑ አንሺ! ወደ ምሥራቅ ግድግዳ። ውጪ ደግሞ ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ አድርጋችሁ ሁለት አጣና ትከሉና ሰሌን ወይም ሸራ ወጥሩበት። ጎረቤታችን እንዲህ አድርገው የወይን ሐረግ አሳድገውበታል። ፀሐይዋ ሸራው ላይ ትቅር።

---

ጡረተኛው መምህር (ግንቦት 6)

ትክክል ብሏል። ጥላ ከውጭ ነው መሆን ያለበት። ውስጥ መጋረጃ ብትጥዪ ፀሐይዋ ግድግዳውን መትታ ጨርሳለች፤ ሙቀቱ ገብቷል። ክንድ ያህል ራቅ ማለቱም ጥሩ ነው፤ በመሃል አየር ያልፋል፣ የሸራውንም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ማታ መስኮት ክፈቱና ጎተራው ይራገፍ። ካልተራገፈ ነገ በትላንቱ ላይ ይደረባል።

---

የናሆም እናት (ሰኔ 3)

ተመልሻለሁ። ሥራው አልቆ ቁጥሩን እስክይዝ ነው የጠፋሁት።

አልጋውን በዚያው ቀን አነሳን። ሸራውን ባለቤቴና የግቢው ልጆች በአንድ ቅዳሜ ወጠሩት። ኤሌክትሪሺያኑ ሲገባ ከአምፖሉ በላይ በላስቲክ ብቻ የተጠቀለለ የተላጠ ገመድ አገኘ። ያንን ሳይ ጉልበቴ ራደ። ወንድሜ አናጺው፣ ሳታውቀን ነው ቤታችንን የጠበቅክልን። ገመዱ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገባ። ከዚያ ነው ፎይሉ የተወጠረው፤ የመኝታ ክፍሉ ብቻ፣ ለሁለቱም አቅም አልነበረንም። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል። አራት ቀዳዳም ተከፈተ።

አከራያችን ሥራውን ቆመው ሲያዩ ዋሉ። ካርቶኑን ይዤ መዳፋቸውን ሁለቱም ክፍል ውስጥ አስነሣኋቸው። ሳሎኑ ውስጥ ሲሞክሩት ዝም አሉ። ከክረምት በኋላ ጣሪያውን ነጭ አስቀባለሁ ብለውኛል።

ትላንት ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ የለካሁት ይኸው። ዛፉ ሥር 35። ሳሎን፣ ምንም ያልተሠራበት፦ ግድግዳው ላይ 37፣ ጥቁሩ ጣሳ ውስጥ 41። መኝታ ክፍል፦ ግድግዳው ላይ 36፣ ጣሳው ውስጥ 37። አየሩ በአንድ ዲግሪ ብቻ ነው የተሻለው፤ ጣሳው ግን በአራት ዲግሪ ወርዷል። ቴርሞሜትሩን ብቻ ባይ ኖሮ ገንዘባችን ውሃ በላው እል ነበር። ልጄ ትላንት ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ውስጥ ተኝቶ ዋለ። ሽፍታውም ጠፍቷል፤ ጤና ጣቢያም አሳይቼው የሙቀት ነው ብለውኛል። ነርሷ እህቴ፣ ውሃውን አልሰጠሁትም፤ እናቴም ተቀብላኛለች።

ማታ ደግሞ የራስጌው ግድግዳ ሦስት ሰዓት ላይ ሲነካ ለብ ያለ ብቻ ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። የእናቴ ቤት ደብረ ብርሃን ነው፤ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ከኅዳር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ዝናብ ሳይዘንብ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ብርድ ልብሷ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። «ቆርቆሮው ተበስቷል» ብላ ሁለት ጊዜ አስደፍናለች። ይህም ከጨረር ጋር ይገናኛል?

---

ጡረተኛው መምህር (ሰኔ 3)

ይገናኛል። ቆርቆሮው አልተበሳም። ሌሊቱ ጥርት ሲል ያ ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። አየሩ ገና ከዜሮ በላይ ሆኖ ጣሪያ ላይ አመዳይ የሚታየው ለዚህ ነው። የእናትሽ ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ያንን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ለእሳቸው ኮርኒስ ያስፈልጋል፤ ወፍራም፣ በደንብ የገጠመ፣ እርጥብ አየር ወደ ቆርቆሮው እንዳያሳልፍ። ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ እንደ እናንተ ቤት የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ይኑር። ምግብ ሲያበስሉ መስኮት ገርበብ ያድርጉ።

---

አናጺ ነኝ (ሰኔ 4)

ለደብረ ብርሃኑ ማዳበሪያ አይሆንም፤ እንፋሎቱ ያልፈዋል። ቺፕውድ ይሁን፣ ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፍ፣ መጋጠሚያው በደንብ ይዘጋ። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት ጻፊልኝና ስንት ቺፕውድና ስንት ሞራሌ እንደሚፈልግ አስልቼ እልክልሻለሁ። ኅዳር ሳይገባ ይለቅላቸው።